ዘበኛው የሚቆምበት ቦታ፦ ከወህኒ አምባ እስከ ናይሮቢ

በናይሮቢ ከተማ በስተ ምዕራብ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር አለ። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ለነጮች መኖሪያ ከተከለሉት ሰፈሮች አንዱ ስለነበረ፣ ሰፋፊ ግቢ ያላቸው የመንግሥት ሹማምንት ቤቶች፣ ከየቤቱም ጀርባ የአፍሪቃውያን ሠራተኞች ጠባብ ማደሪያዎች ነበሩበት። ዛሬ ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው በቦታቸው ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ከነዋሪዎቹም መካከል ኢትዮጵያውያን እንገኝበታለን። እኛም በዚሁ ሰፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ለወገኖቻችን ልጆች አማርኛና ታሪክ እናስተምራለን።

የናይሮቢ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ኛዮ ሀውስን ያውቀዋል። በከተማው መካከል የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ተሠርቶ ያለቀ ባለ 27 ፎቅ የመንግሥት ሕንፃ ነው። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያለበት በመሆኑ ፈቃድ የሚያሳድስ ሁሉ እዚያ ይሰለፋል። አንድ ቅዳሜ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን እጅዋን አውጥታ እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ «ቲቸር፣ እማዬ ፈቃዷን ልታሳድስ ስትሄድ አብሬያት ተሰልፌ ነበር። እኛ ከቆምንበት በታች ሰዎች ይታሰሩ ነበር ይባላል። ያ ሁሉ ሰው ከላይ ሲመላለስ እንዴት አልሰማቸውም?»

ቸኩለን «ግንቡ ወፍራም ስለሆነ ነው» አልናት። መልሱ እሷን አላረካትም፤ እውነቱን ለመናገር እኛንም አላረካንም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ያን የተጣደፈ መልስ ለማረም ነው። የአገራችንን ታሪክ በዓ.ም.፣ የኬንያንና የሌላውን ዓለም እ.ኤ.አ. እያልን እንቀጥላለን።

እኛ የታሪክ መምህራን ስለ እስራት ስናስተምር ማን ታሰረ፣ ስለምን ታሰረ፣ መቼ ተፈታ ብለን እናልፋለን። እስረኛው ግን ውሎ የሚያድረው በክሱ ውስጥ ሳይሆን በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት በሩን ማን ይከፍትለታል? ሽንት ቤት የሚሄደው ሲፈልግ ነው ወይስ ሲፈቀድለት? ፀሐይ ያያል? የሚነጋገረው ሰው አለው? ዘበኛውስ የቆመው ከክፍሉ ውስጥ ነው፣ ከበር ውጭ ነው፣ ወይስ ከማማ ላይ? የእስረኛው ቀን እንዴት እንደሚውል ከተጻፈው ደንብ ይልቅ የሚወስኑት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው። ከእነሱም መካከል የዘበኛው አቋቋም ዋናው ይመስለናል።

በአገራችን የግንብ እስር ቤት ከመስፋፋቱ በፊት ከታወቁት የእስራት ዘዴዎች አንዱ ቁራኛ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ ነገራቸው ፍርድ እስኪያገኝ ድረስ በልብሳቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ያድራሉ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች በየመንገዱ ሁለት ሁለት ሆነው የተቆራኙ ሰዎችን ማየታቸውን ጽፈዋል። በቁራኛ ግድግዳም ማማም የለም፤ ጠባቂው ራሱ ግድግዳ ነው። ነገር ግን ይህ ግድግዳ ይርበዋል፣ ይበርደዋል፣ እንቅልፍ ይመጣበታል። ዝናብ እስረኛውን ሲመታ እሱንም ይመታዋል። የታሳሪው ሥራ ሲፈታ የአሳሪውም ይፈታል። ስለዚህ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅ ሁለቱም ይፈልጋሉ። ይህን ስንል ቁራኛን ማወደሳችን አይደለም፤ ጉልበተኛ ከሳሽ ከደካማ ተከሳሽ ጋር ሲቆራኝ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ተማሪዎች ልብ ይበሉ፤ ታሞ የተኛን ሰው «የአልጋ ቁራኛ ሆነ» የምንለው ከዚሁ ሥርዓት በተረፈን ቃል ነው።

ወህኒ የሚለውም ቃል እንዲሁ ታሪክ አለው። ወህኒ በጎንደር አገር የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ አምባ ስም ነው። ከእርሱ በፊት የነገሥታት ልጆች ይጠበቁ የነበረው በግሸን አምባ ሲሆን፣ ግሸን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ከተደፈረች በኋላ ልማዱ ተቋርጦ ቆይቶ በጎንደር ነገሥታት ጊዜ በወህኒ እንደገና ተጀመረ። ለአልጋ ሊወዳደሩ የሚችሉ መሳፍንት ሁሉ ከአምባው ላይ ወጥተው እንዲኖሩ ይደረግ ነበር። ግድግዳውን ተፈጥሮ ሠርታዋለች፤ ዘበኛው መውጫውን መንገድ ብቻ ይጠብቃል። ከላይ ያሉት ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ያረጃሉ። የሚቀርብላቸው እህልና ልብስ ግን በጠባቂዎቹ እጅ የሚያልፍ ስለሆነ፣ ከታች ያሉት ሹማምንት ሲዘነጓቸው ወይም ሲሰርቋቸው ከላይ ያሉት ይራቆታሉ። ዐፄ ኢያሱ አንደኛ፣ አድያም ሰገድ የተባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1682 ነግሠው ወደ ወህኒ በሄዱ ጊዜ ዘመዶቻቸውን በችግር ላይ አግኝተዋቸው ኑሯቸው እንዲሻሻል ማዘዛቸው ይተረካል።

በወህኒ ግን ሌላ የትም የማይገኝ አንድ ነገር ነበር። የዛሬው እስረኛ ነገ ዐፄ ሊሆን ይችላል። ንጉሡ ሲሞት መኳንንቱ ወደ አምባው ልከው አንዱን ያወርዱና ያነግሡታል። እ.ኤ.አ. ከ1721 ጀምሮ የነገሡት ዐፄ በካፋ የወህኒ እስረኛ የነበሩ ናቸው። እንግዲህ ዘበኛው ምግብ የሚያሳጣው ሰው ነገ ራሱን የሚያስቆርጠው ሰው ሊሆን ነው። ዘበኛው እስረኛውን የሚፈራበት እስር ቤት በዓለም ታሪክ ብዙ አይገኝም።

በአውሮጳ በዚሁ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ፍርሃቱን በሙሉ ወደ እስረኛው ወገን ለማዞር ያሰበ ሰው ተነሣ። ጄረሚ ቤንታም የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1791 ያሳተመው ሐሳብ እንዲህ ነው። ሕንፃው ክብ ይሆናል፤ ክፍሎቹ በዙሪያው ይደረደራሉ፤ ከመካከል ማማ ይቆማል። ከእያንዳንዱ ክፍል በስተ ኋላ መስኮት ስላለ ብርሃን ይገባና እስረኛው ከማማው ላይ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ወለል ብሎ ይታያል። በማማው ውስጥ ያለው ተቆጣጣሪ ግን በመጋረጃ ስለተሸፈነ አይታይም። እስረኛው መቼ እንደሚታይና መቼ እንደማይታይ ስለማያውቅ ሁልጊዜ እንደታየ ሆኖ ይኖራል። ቤንታም ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ለብዙ ዓመታት ቢነታረክም ሕንፃውን ሳያሠራ ቀረ። ሐሳቡ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በአሜሪካ በኢሊኖይ፣ በኩባም በፒኖስ ደሴት ማማ በመካከላቸው ያለ ክብ ወህኒ ቤቶች ተሠሩ።

በእነዚያው ዓመታት ገደማ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በነበሩበት ጊዜ፣ አዲስ አበባም ውስጥ የእኛው ዓለም በቃኝ ተሠራ። ሰፊው ግቢ በተለምዶ ከርቸሌ ይባላል፤ ቃሉ እስር ቤት ማለት ከሆነው ከጣሊያንኛው ካርቸሬ የመጣ ነው። ከግቢው ውስጥ ለብርቱ እስረኞች የተለየው ክፍል ዓለም በቃኝ ተባለ። ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ምድር ቤትና ፎቅ የሆነ የድንጋይ ሕንፃ ሲሆን ክፍሎቹ ወደ ውስጥ፣ በመካከል ወዳለው ግቢ ይመለከታሉ። እስረኛው ከውጭው ዓለም የሚያየው ከራሱ በላይ ያለውን የሰማይ ቁራጭ ብቻ ነው።

የዚህ ሕንፃ ታሪክ በደም የተሞላ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች የአዲስ አበባን ሰው ሲያፍሱ ብዙዎችን ያጎሩት በዚሁ ግቢ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ የቀድሞውን መንግሥት ባለሥልጣኖች የረሸነው እዚያው ነው። ከ1955 ዓ.ም. ወዲህ የአፍሪቃ አንድነት ድርጅት ጽሕፈት ቤት ጎረቤቱ ስለሆነ፣ የአህጉሪቱ መሪዎች ስለ ነጻነት ሲወያዩ እስረኞቹ ከግንቡ ማዶ ነበሩ። በመጨረሻም ወህኒ ቤቱ ፈርሶ ከቦታው ላይ የአፍሪቃ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ ተሠራና ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ተመረቀ።

ይህን ሁሉ መምህራን ያስተምሩታል። እኛ ልናነሣ የምንፈልገው ስለ ውሎው ነው። ሕንፃው ሲታይ የቤንታምን ሐሳብ ይመስላል፤ የእስረኛው ኑሮ ግን ሌላ ነበር። በዘመነ ደርግ በዚያ የታሰሩ ሰዎች ሲያወጉ እንደምንሰማው፣ ዘበኛው ኃይሉን ያጠናከረው በበሩና በዙሪያው ላይ ነበር። ውስጡ በሰው ብዛት የተጨናነቀ ስለሆነ የዕለት ኑሮውን የሚያስተዳድሩት አብዛኛውን ጊዜ እስረኞቹ ራሳቸው ነበሩ። የመኝታ ቦታ የሚደለድል፣ የጽዳት ተራ የሚያወጣ፣ ከየቤቱ የመጣውን ስንቅ ጠያቂ ለሌለው የሚያካፍል ሰው ከመካከላቸው ይመርጣሉ። ሌሊት ጎን ለጎን ተጣብቀው ሲተኙ አንዱ ሊገላበጥ ቢፈልግ የመደዳው ሰው ሁሉ መገላበጥ ነበረበት። ቀን ቀን ደግሞ የተማረው ያልተማረውን ያስተምራል። ፊደል ሳይቆጥር ገብቶ አንባቢ ሆኖ የወጣ አለ፤ የውጭ ቋንቋ የለመደ አለ። መምህራን እንደመሆናችን ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ሆኖም ነገሩን ማሳመር አይገባንም። ያው ሰው ፊደል ባስቆጠረበት ቀን ማታ ስሙ ከበር ተጠርቶ ላይመለስ ይችል ነበር። ሕንፃውና የዘበኛው መራቅ ለእስረኞቹ የሰጧቸው ማኅበራቸውን ብቻ ነው፤ ሕይወታቸውን ሊጠብቁላቸው አልቻሉም።

በዚያችው አዲስ አበባ የነበረው ማዕከላዊ ምርመራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ቤት ነበር። እስረኞች ለየክፍሉ ያወጡለት ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። ብርሃን የማይገባበት፣ እስረኛው ለሽንት በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ብቻ የሚወጣበት ክፍል «ጨለማ ቤት» ይባል ነበር። ሌላው «ጣውላ ቤት» ነው። ምርመራው አልቆ እስረኛው ከሌሎች ጋር እንደልቡ የሚገናኝበት ክፍል ደግሞ እንደ ሆቴሉ «ሸራተን» ተብሏል። ግቢውም ሕጉም አንድ ሆኖ ሳለ፣ በር በመቀየሩ ብቻ የሰው ቀን ከጨለማ ወደ ሸራተን ይለወጣል! መርማሪ ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ክፍሉ ራሱ የምርመራ መሣሪያ ይሆናል። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘግቷል።

በደርግ ዘመን በዚያ ታስሮ የነበረው ነቢይ መኮንን ማርጋሬት ሚቸል የጻፈችውን ታላቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። በ3,000 ያህል ቁርጥራጭ ላይ የተጻፈው ትርጉም በሚፈቱ እስረኞች እጅ በሲጋራ ፓኮ እየሆነ ወጣና ኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎም እ.ኤ.አ. በ1978 በካሚቲ ወህኒ ቤት ሳለ በኪኩዩ ቋንቋ ልብ ወለድ የጻፈው በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ነው። የናይሮቢውና የአዲስ አበባው ሰው ሳይተዋወቁ አንድ ዘዴ ማግኘታቸው ይደንቃል። ሁለቱም የጻፉት ዘበኛው በማያይበት ጊዜ ነው። ቤንታም ቢያያቸው ኖሮ ግን ክብ ሕንፃዬ ባለመሠራቱ የመጣ ጉድ ነው ይል ነበር።

እንግዲህ ወደ ኬንያ ተሻግረናል። በኬንያ የአገራችን ታሪክ የሚነካው አንድ የእስር ወሬ ስላለ ዋናውን ጉዳይ ከመጀመራችን በፊት እናንሣው። እ.ኤ.አ. በ1941 ኢጣልያ በአገራችን ድል ስትሆን ከተማረኩት ጣሊያኖች ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ካምፖች ተወሰዱ። ከእነሱም አንዱ በአዲስ አበባ የቅኝ አገዛዙ ሹም የነበረው ፌሊቼ ቤኑዚ ነው። ከናንዩኪ ካምፕ ሆኖ የኬንያን ተራራ ሲያይ ከርሞ፣ በጥር 1943 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አጥሩን አልፎ ጠፋ። ተራራውን ወጥተው ባንዲራቸውን ከሌናና ጫፍ ላይ ተከሉና በገዛ እግራቸው ወደ ካምፑ ተመልሰው ገቡ። ሽቦውን ማለፍ ቻሉ፤ ከሽቦው ማዶ ግን ነጭ ምርኮኛ የሚደበቅበት አገር አልነበረም። አገሩ ራሱ ወህኒ አምባ ሆኖባቸው ነበር ማለት ነው።

በኬንያ ታሪክ ትልቁ የእስር ሥራ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። የማው ማው ትግል በተፋፋመበት ወቅት፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1954 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ ጦር ናይሮቢን ዙሪያዋን ዘግቶ አፈሳ ጀመረ። በዚህ ዘመቻ 20,000 ያህል ሰዎች፣ አብዛኛዎቹ ኪኩዩዎች፣ ያለ ፍርድ ወደ ማንያኒና ወደ ማኪነን ሮድ ካምፖች ተጋዙ። እንደ ኪሌሌሽዋ ያሉት የነጮች ሰፈሮች ምግባቸውን የሚያበስልላቸውና አትክልታቸውን የሚኮተኩትላቸው የዚሁ የሚታፈሰው ሕዝብ ወገን ነበር።

ማጣሪያው እንዴት እንደነበረ ማወቅ ይገባል። ጠቋሚው ከራሱ እስከ እግሩ በጆንያ ተሸፍኖ፣ ዓይኑ ላይ ብቻ ተቀዶለት ይቀመጣል። ሰዎች ተሰልፈው ከፊቱ ያልፋሉ፤ እሱ በራሱ ንቅናቄ ይለያቸዋል። ቤንታም በድንጋይ ያሰበውን እዚህ በጆንያ ሠሩት፤ የሚያየው አይታይም። የተለዩት ሰዎች «ነጭ»፣ «ግራጫ»፣ «ጥቁር» ተብለው ይመደባሉ። ነጭ የተባለው ይለቀቃል፤ ግራጫው ወደ ሥራ ካምፕ ይሄዳል፤ ጥቁሩ በማንያኒና በመሳሰሉት ይቆያል። የሚናዘዝ እስረኛ ከካምፕ ወደ ካምፕ እየተላለፈ ወደ አገሩ ይቃረባል፤ የማይናዘዝ ይርቃል። እንግሊዞች ይህን ሰንሰለት «ቧንቧው» ይሉት ነበር።

በማንያኒ ሽቦ የከበባቸው ትላልቅ ግቢዎች ነበሩ። ሰው እጅግ ብዙ ስለሆነ ዘበኞቹ ከሽቦው ውጭና ከማማ ላይ ናቸው። ከውስጥ የሆነው ዓለም በቃኝን ያስታውሰናል። ጆስያ ምዋንጊ ካሪዩኪ የተባለው፣ ከ1953 እስከ 1960 ከካምፕ ወደ ካምፕ ሲዘዋወር የኖረ እስረኛ፣ በ1963 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ እስረኞቹ የራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ የማይችሉትን ንባብና ጽሕፈት አስተማሩ፤ ለንደን ለሚገኙ የፓርላማ አባሎች አቤቱታ ጽፈው በስውር አስወጡ። አለቆቹ ያልተመለከቱት ግቢ ትምህርት ቤትና ሸንጎ ሆነ።

ባለሥልጣኖቹ ይህ ሲገባቸው ዘዴ ለወጡ። ከ1957 ጀምሮ በምዌያ ካምፖች ቴረንስ ጋቫጋን የተባለው ሹም የመራው አሠራር «ማቅጠን» ይባል ነበር፤ ወፍራም መረቅ በውሃ እንደሚቀጥን ማለት ነው። እንቢተኞቹን ከብዙ ሺው መካከል በትንንሽ ቡድን እያወጡ፣ ቀድሞ እጅ በሰጡ እስረኞች መካከል ይበትኗቸዋል። ሲደርሱ ጠጉራቸውን እንዲላጩና የካምፑን ልብስ እንዲለብሱ ይታዘዛሉ፤ እንቢ ያለ ይደበደባል። እዚህ ዘበኛው ከማማ ወርዶ ከውስጥ ገብቷል። ርቀቱ ጠፋ፤ ማኅበሩም አብሮ ፈረሰ። በመጋቢት 3 ቀን 1959 በሆላ ካምፕ ወደ ሥራ በግድ ከተነዱት እስረኞች 11 ተደብድበው ሞቱ። ባለሥልጣኖቹ መጀመሪያ የሰጡት መግለጫ ሰዎቹ ከውሃ ጋሪ ውሃ ጠጥተው ሞቱ የሚል ነበር። እውነቱ ሲወጣ በለንደን ፓርላማ ብርቱ ክርክር አስነሣ። የተረፉት የማው ማው ሰዎች የእንግሊዝ መንግሥት ማዘኑን ገልጾ ለ5,228 ሰዎች ካሣ ለመክፈል ሲስማማ ያዩት ገና በ2013 ነው።

እስከዚህ ያነበበ ሰው እንግዲያው ዘበኛ ከሩቅ ቢቆም ይሻላል ሊል ይችላል። እኛም ለጥቂት ጊዜ እንዲህ ብለን ነበር። ነገር ግን አንድ ሌላ ምሳሌ ሐሳባችንን አስለወጠን። በአሜሪካ ለፍርድ የሚጠባበቁ ሰዎች የሚታሰሩባቸው የቆዩ ጣቢያዎች እንደ ባቡር ፉርጎ በረጅም መተላለፊያ ዳር የተደረደሩ ክፍሎች ነበሩ። ዘበኛው በመተላለፊያው አልፎ አልፎ ያልፋል፤ በአንዱ ክፍል ፊት ሲቆም የሌሎቹን አያይም። ባላየበት ሰዓት ጉልበተኛው እስረኛ ደካማውን ይገዛዋል፤ ምግቡን ይቀማዋል፤ የባሰም ያደርስበታል። እንግዲህ የዘበኛ መራቅ ሁልጊዜ እንደ ማንያኒ ትምህርት ቤት አይወልድም፤ ማኅበር በሌለበት የሚወልደው ሽፍታ ነው። ቀጥሎ ዘበኛውን ከመስተዋት ቤት ውስጥ አስቀምጠው ክፍሎቹን በዙሪያው አደረጉ፤ አሁን ያያል፣ ግን አይናገርም። በ1970ዎቹ አጋማሽ በቺካጎ፣ በኒው ዮርክና በሳን ዲዬጎ፣ በ1981ም በካሊፎርኒያዋ ማርቲኔዝ ከተማ የተከፈቱት ጣቢያዎች መስተዋቱንም አስወገዱ። ዘበኛው የሥራ ሰዓቱን በሙሉ ከእስረኞቹ ጋር በአንድ አዳራሽ ይውላል። በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ጠብ ሳይነሣ ያበርዳል። ዕቃውም በብረት ፈንታ እንደ ሰው ቤት ዕቃ ሆነ። ይህ አሠራር በደንብ በተሠራበት ቦታ ድብደባውም ዕቃ መስበሩም መቀነሱ ስለታየ ወደ ሌሎችም ተዛመተ።

በማርቲኔዝም ዘበኛው ከውስጥ ነው፤ በምዌያም ከውስጥ ነበር። ልዩነቱ ከወዴት መጣ? የሚመስለንን እንናገር። የማርቲኔዙ ዘበኛ ራሱ ይታያል። አለቃው ያየዋል፣ ጠበቃ ይመጣበታል፣ እስረኛው ነገ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይናገርበታል። የምዌያውን ዘበኛ የሚያየው ያዘዘው ሹም ብቻ ነበር። የወህኒ አምባ ዘበኛ እስረኛው ሊነግሥ ይችላልና ይፈራል፤ ቁራኛውም የእስሩን ገመድ ግማሽ በራሱ ላይ ተሸክሟል። ስለዚህ የወህኒ ቤትን ፕላን ስናይ ዘበኛው የት ቆሟል ብለን ከጠየቅን በኋላ፣ እሱንስ ከየት ሆኖ ማን ያየዋል ብለን መጨመር አለብን።

ኛዮ ሀውስ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያጣበት ቤት ነው። ኛዮ በስዋሂሊ ፈለግ ማለት ሲሆን የፕሬዚዳንት ሞይ መፈክር ነበር። በተለይ ከ1986 ጀምሮ ምዋኬንያ በተባለው ስውር ድርጅት ተጠርጥረው የተያዙ መምህራን፣ ተማሪዎችና ጋዜጠኞች ከሕንፃው ሥር ባሉት ክፍሎች ይመረመሩ ነበር። ዓይናቸው ተሸፍኖ ስለሚመጡ የት እንዳሉ አያውቁም። ልብሳቸውን ተገፈው ውሃ በተሞላ ወለል ላይ ቀናት ያሳልፋሉ፤ መተኛት አይቻልም፣ መቀመጥም ያው ከውሃው ላይ ነው። ቀንና ሌሊት አይለይም። ክፍሎቹ በ2003 ለሕዝብ ዕይታ ተከፈቱ፤ በ2010ም የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከተሰቃዩት መካከል ለ21 ሰዎች ካሣ ፈረደ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለተማሪያችን አዲሱን መልስ ሰጠናት። ከርቸሌ በር ላይ በየጠዋቱ ሰልፍ ነበር፤ እናቶች ስንቅ በአገልግልና በሳህን ይዘው፣ በጨርቅ አሥረው የታሳሪውን ስም ለዘበኛው እየነገሩ ያቀብላሉ። ስሙ በየቀኑ ከደጅ ይጠራል ማለት ነው። በኛዮ ሀውስም ሰልፍ ነበር፤ ግን ሰዎቹ የተሰለፉት ለፓስፖርት ነው። ቤተሰቡ ልጁ የት እንዳለ ስለማያውቅ ስንቅ ይዞ የሚመጣ፣ ስም የሚጠራ አልነበረም። ያልሰሙት ግንቡ ስለወፈረ ብቻ አይደለም፤ ስለ ማን እንደሚጠይቁ ስለማያውቁ ነው አልናት።

ልጅቱ ጥቂት አሰበችና «ታዲያ የከርቸሌዎቹ እናቶች ልጃቸው የሞተ ቀን በምን ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀችን። ከመካከላችን አንደኛው በቀይ ሽብር ጊዜ ወንድሙን ያጣ ስለሆነ መልሱን የሰጠው እሱ ነው። ስንቁ ይመለሳል አላት።